ቤቱ መታ የሚመስለው ግጥም

ፊደሉ ቤት መትቶ ጆሮ ላይ ግን የሚሳሳ ግጥም አለ። መስመሩ በሳድስ (በስድስተኛው የፊደል ቅርጽ፣ እንደ ች፣ ር፣ ን፣ ም) ካለቀ ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለውን ፊደል እዩት።

«ጀምበር ከተራራው ቀስ ብላ ወረደች፣
ላሟ ጥጃ ጠርታ ወደ በረት ገባች።»

ሁለቱም በ«ች» አልቀዋል። ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ግን አንዱ «ደች»፣ ሌላው «ባች» ነው። «ገባች»ን በ«ሄደች» ቀይሩና ድገሙት። ወዲያው ይደምቃል!

ምክንያቱም ቃል መጨረሻ ላይ ያለ ሳድስ አብዛኛውን ጊዜ አናባቢ የለውም። ጆሮ የሚይዘው ከፊቱ ያለውን ድምፅ ነው። «አገር» ከ«ነገር» ጋር የሚጥመው፣ ከ«ፍቅር» ጋር የሚላላው ለዚህ ነው። ተነባቢውም አናባቢውም ቢገጥም ምርጥ ነው፤ ካልሆነ አናባቢው ብቻ እንኳ ይገጥም።

ለዘፈን ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፣ ዜማው ይሸፍነዋል። ደግሞ ቤት ለመምታት ብላችሁ ሐሳቡን አታጣምሙ። ትክክለኛው ቃል «ገባች» ከሆነ «ገባች» እንዳለ ይቆይ፤ የላይኛውን መስመር ቀይሩ።