የጌም ተመልካቾችን ጥያቄ ስንመልስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላይቭ ገብቼ ገና ሰላምታ ሳልሰጥ የሚመጣው ኮሜንት ሁሌም አንድ ነው፤ «ወንድሜ ሴንሲቲቪቲህን ላክልኝ»። ሴንሲቲቪቲ ማለት ጣት ስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ ዕይታው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር የሚወስነው ሴቲንግ ነው። ስለ ፐብጂ ሞባይልና ስለ ፍሪ ፋየር የተኩስ ጌሞች፣ ስለ ዩቲዩብ ክፍያ ብዙ ጥያቄ መልሻለሁ፤ ሰው ያሳሳትኩበትም አለ። የጌም ቻናል ለከፈታችሁ ወይም ልትከፍቱ ለምታስቡ፣ የኔን ስህተት ሳትደግሙ እንድትጀምሩ ብዬ ነው የምጽፈው።

የራስን ሴቲንግ ለሁሉም ማደል

ሴቲንጉን ወደ ሌላ ስልክ የሚያስገባውን ኮድ ኮፒ አድርጎ መላክ ቀላል ነው፤ ጠያቂውም ይደሰታል። አንድ ልጅ የኔን ኮድ ወስዶ በማግስቱ «ጭራሽ ባሰብኝ፣ አንድም ሰው መምታት አቃተኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ስልኩን ስጠይቀው ጋይሮስኮፕ (የስልኩን መዘንበል የሚለካ ሴንሰር) የሌለው ነው። እኔ ደግሞ ሪኮይል (ሲተኮስ መሣሪያው ወደ ላይ መዝለሉን) የምቆጣጠረው ጋይሮውን 300 በመቶ ላይ አድርጌ፣ ስልኩን ወደ ታች ዘንበል እያደረግኩ ነው። ስለዚህ የጣቴን ሴንሲቲቪቲ ዝቅ አድርጌዋለሁ። የሱ ስልክ መዘንበሉን አያውቀውም፤ የቀረለት ያ ዝቅ ያለ ቁጥር ብቻ ነው። ጣቱን ቢስብ ቢስብ መሣሪያው ወደ ሰማይ ይተኩሳል።

ከዚያ ወዲህ ኮድ ከመስጠቴ በፊት እጠይቃለሁ። ስልክህ ምንድን ነው? ጋይሮ አለው? በሁለት አውራ ጣት ነው ወይስ በአራት ጣት የምትጫወተው? ከዚያም ወደ ልምምድ ሜዳው እልከዋለሁ። ኤም 416 ጠመንጃ ያዝ፣ ሬድ ዶት ማነጣጠሪያ ግጠምበት፣ ግድግዳ ፊት ቁም፣ አውራ ጣትህን ወደ ታች እየሳብክ ካዝናውን ሳታቋርጥ ጨርሰው። የጥይቱ ምልክት ወደ ላይ እየወጣ ከሄደ የኤዲኤስ (እየተኮሱ ሳለ የሚሠራውን) ሴንሲቲቪቲ ጨምር፣ ወደ መሬት ከወረደ ቀንስ፤ አምስት አምስት እያልክ እንጂ አንዴ ሃምሳ አይደለም። ይህን ያደረገ ልጅ ሁለተኛ ኮድ አይለምንም፤ ስልክ ቢቀይርም ራሱ ያስተካክላል።

ለላግ ሁሉ «ካሽ አጥፋ» ማለት

ጠያቂው «ላግ ያደርግብኛል» (ጌሙ ይጎተትብኛል) ሲል ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ። ምስሉ የሚቆራረጠው ስልኩ ግራፊክሱን መሸከም ስላቃተው ከሆነ የፍሬም ችግር ነው፤ ግራፊክስ መቀነስ፣ ከጀርባ የተከፈቱ አፖችን መዝጋት፣ ስልኩ ከጋለ ማሳረፍ ይረዳዋል። ምስሉ ጥርት ብሎ ሳለ ተኩሶ ጥይቱ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ግን ችግሩ ፒንግ ነው፤ ማለትም ከስልኩ ወደ ሰርቨሩ (ጌሙን ወደሚያስተናግደው የድርጅቱ ኮምፒውተር) መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ። ካሽ (አፑ ስልኩ ላይ የሚያከማቸውን ጊዜያዊ ፋይል) ማጥፋት ፒንግን አያስተካክልም።

እዚህ ላይ እውነቱን መንገር ይገባል። በፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃን በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ነው እንበል፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደርሶ መልስ ብቻውን ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ወደ ባሕር ወጥቶ ነው የሚዞረው። ስለዚህ «ፒንጌን 20 አድርግልኝ» ለሚል ልጅ አይቻልም በሉት። የሚቻለው የሰርቨር ምርጫዎቹን እያነጻጸሩ ዝቅተኛ ፒንግ የሚሰጠውን መያዝ፣ ወደ ዋይፋዩ ራውተር መጠጋትና ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ እያወረደ አለመሆኑን ማየት ነው።

«ነፃ ዩሲ እንዴት ላግኝ?» ሲባል ዝም ማለት

ዩሲ በፐብጂ ሞባይል ውስጥ በገንዘብ የሚገዛ መገበያያ ነው። ይህን ጥያቄ በብዛት የሚጠይቁት ሕፃናት ናቸው፤ ብዙዎቹም በእናታቸው ወይም በታላቅ ወንድማቸው ስልክ ነው የሚጫወቱት። እኛ ዝም ስንል ከኮሜንቱ ሥር ሌላ ሰው ሊንክ ያስቀምጥለታል። «ውሸት ነው» ማለትም አይበቃም፤ ለምን ውሸት እንደሆነ ንገሩት። የዩሲም ሆነ የፍሪ ፋየር ዳይመንድ ቁጥር የሚቀመጠው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ እንጂ በስልኩ ውስጥ አይደለም። ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ቁጥሩን በስክሪኑ ላይ ሊያሳምረው ይችል ይሆናል፣ ሰርቨሩ ጋ ግን አይደርስም። ሊንኩ የሚፈልገው ፓስዎርዱን ነው። ሃክ ያለበት ኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን የአፕ ፋይል) የሚጭን ደግሞ አካውንቱን ያጣል፤ ፐብጂ ሞባይል በማጭበርበር የያዘውን አካውንት እስከ 10 ዓመት ያግዳል። ይህንን አንድ ጊዜ በቪዲዮ በደንብ አስረድታችሁ፣ ሊንክ የሚለጥፉትን ወዲያው አጥፉ።

ስለ ገንዘብ ጥያቄ ግማሽ መልስ መስጠት

«ዩቲዩብ መቼ ነው የሚከፍለኝ?» ለሚል ሰው «1,000 ሰብስክራይበርና 4,000 ሰዓት» ብለን እንገላገላለን። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (አጫጭር ቪዲዮ) ዕይታ ያስፈልጋል። የሚቀረው ግን ሰውን ያስለቅሳል። በሾርትስ ፊድ ላይ የተገኘ ዕይታ ከ4,000ው ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። ፕሮግራሙ የሚሠራው ዩቲዩብ በዘረዘራቸው አገሮች ብቻ ስለሆነ ዝርዝሩን መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል። አድሴንስ (የጉግል የማስታወቂያ ክፍያ አገልግሎት) ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻ ለማረጋገጥ የሚስጥር ቁጥር (ፒን) በፖስታ ይልካል፣ ክፍያ የሚለቀው ደግሞ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሾርትስ ብቻ ሲለቅ ቆይቶ የሰዓት ቁጥሩ ለምን እንዳልጨመረ የጠየቀኝ ልጅ አለ። ከወራት በፊት የሰጠሁት መልስ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

በላይቭ የሰው መረጃ ማሳየት

ልጆች አካውንታቸው ሲዘጋ ስልክ ቁጥራቸውን፣ ኢሜይላቸውን፣ አንዳንዴም ፓስዎርዳቸውን ኮሜንት ላይ ይጽፋሉ። ጮክ ብሎ ማንበብ አይገባም፤ ኮሜንቱን አጥፍታችሁ ወደ ጌሙ የእርዳታ ገጽ ምሯቸው። እኔ ልግባና ላስተካክልልህ ማለት በፍጹም አይሁን፤ ዛሬ ለእናንተ ፓስዎርድ የሰጠ ልጅ ነገ እናንተን መስሎ ለሚመጣ ሌባም ይሰጣል።

የዓምና መልስ እንዳለ መተው

ጌሞቹ በየጊዜው አፕዴት ስለሚሆኑ ሴቲንጉ ቦታ ይቀይራል፣ መሣሪያውም ይዳከማል ወይም ይጠነክራል። ቪዲዮው ግን ሰርች ላይ ይቀመጣል። ብዙ የሚታዩ የድሮ ቪዲዮዎቻችሁን በወር አንዴ ከፍታችሁ፣ የተለወጠውን ከነቀኑ ኮሜንት ላይ ጽፋችሁ ከሁሉም በላይ እንዲቆም ፒን አድርጉት። እኔ እሑድ ጠዋት ቡና እስኪፈላ ድረስ ሦስት አራቱን እጨርሳለሁ።