ከቦሌ እስከ ደላስ፦ ርቀቱ፣ የበረራው ጊዜና የቲኬቱ ሰዓት

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ገና ከገባችሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ወይ ቤተሰብ ትቀበላላችሁ ወይ ራሳችሁ አገር ቤት ደርሳችሁ ትመጣላችሁ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደላስ (Dulles) ኤርፖርት በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ለመሄድም ለመምጣትም ያው ነው፤ ጊዜው ግን አንድ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ይበረራል፤ ወደዚህ ሲመጣ ከነማረፊያው 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ በመሆኑ ክንፉም ሞተሩም አቅም ስለሚቀንሱ፣ ሰውና ጭነት የሞላ አውሮፕላን እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ በሙሉ ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ደብሊንም ሎሜም ለዚሁ አገልግለዋል። ደላስ ግን 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ ቆላ ነው፤ በዚያ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ከኋላ ይገፋል። ብቻቸውን ለሚመጡ እናትና አባት ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ጎማው መሬት ሲነካ ደረስን ብለው እንዳይነሡ።

ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው ነው። ከኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛው እሑድ ልዩነቱ 8 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 7 ነው። ጃንዋሪ ውስጥ ከቦሌ 22:30 ተነሥቶ በማግስቱ 7:30 ደላስ የሚገባ በረራ ላዩን ሲያዩት 9 ሰዓት ይመስላል፤ 8 ሲደመርበት 17 ነው። ሲመለስ ደግሞ ይቀነሳል፤ ከደላስ 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 8:00 ቦሌ የሚገባው 21 ሳይሆን 13 ሰዓት ነው።

ለስልክ አቋራጭ አለ። ልዩነቱ 8 ሲሆን እዚህ ባለው ሰዓት ላይ 2 ጨምሩ፣ 7 ሲሆን 1፤ የሚመጣው ቀጥታ የሐበሻ ሰዓት ነው። እዚህ ጠዋት 8 ከሆነ እዚያ ከቀኑ 10 ነው። ማታ 8 ከሆነ ግን ከሌሊቱ 10 ነውና አትደውሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። በእኛ ልማድ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ቲኬት በእኩለ ሌሊት ይለውጠዋል። «ጃንዋሪ 15፣ 00:30» ማለት 14 ማታ ቦሌ መገኘት ማለት ነው። 15 ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሻንጣ ይዞ የሄደ ሰው ቦሌ የሚደርሰው አውሮፕላኑ አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው።

ከደላስ ወደ ሲያትል ወይም ሚኒያፖሊስ የሚቀጥል መንገደኛ፣ ሻንጣው ላይ የመጨረሻው ከተማ ቢጻፍም ደላስ ላይ ራሱ አንሥቶ፣ ጉምሩክ አልፎ እንደገና ማስረከብ አለበት። የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ አይታወቅምና በሁለቱ በረራዎች መካከል ከ3 ሰዓት በታች ያለው ቲኬት አይገዛ። ሁለቱ ለየብቻ የተቆረጡ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ኪሳራው የራስ ነው።