ተሳቢው ከኋላ ሲገፋ፦ የናፍጣ ፒካፕ ፍሬኖች ችግርና መፍትሄ

ከዴንቨር በአይ-70 ወደ ምዕራብ የነዳ ሰው የአይዘንሃወርን ዋሻ ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ11,000 ጫማ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከዋሻው እንደወጣችሁ መንገዱ በ7 በመቶ ቁልቁለት እስከ ሲልቨርቶርን ይዟችሁ ይወርዳል። ዳር ላይ ፍሬን ለበጠሰ መኪና የተሠሩ መሸሻዎች አሉ፤ ለጌጥ አይደሉም።

ባለፈው መስከረም የአክስቴ ልጅ በቅርቡ የገዛትን የናፍጣ ፒካፕ ይዞ፣ ሁለት መኪና የጫነ ተሳቢ ጎትቶ ያንን ቁልቁለት ሲወርድ ጋቢና አጠገቡ ነበርኩ። ግማሽ ላይ ስንደርስ «ጋሼ፣ ፍሬኑ እየራቀብኝ ነው» አለኝ። እንደምንም ወርደን ነዳጅ ማደያ ገባን። ከፒካፑ የፊት ጎማዎች ጭስ ይወጣል፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ወደ ኋላ ሄጄ መዳፌን ቀስ አድርጌ ወደ ተሳቢው ቸርኬዎች አስጠጋሁ። አራቱም ቀዝቃዛ ናቸው።

ፒካፕ ተሳቢ ሲያስር ሦስት ፍሬን ይኖረዋል። አንዱ እግራችሁ ሥር ያለው ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ነው፤ በአዝራር የሚበራ ኤግዞስት ብሬክ። ሦስተኛው ተሳቢው ላይ ያለው የራሱ ፍሬን ሲሆን፣ የሚያዘው ዳሽቦርዱ ላይ ባለችው ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። እስካሁን ካየኋቸው ችግሮች አብዛኞቹ አንዱ ሲተኛ ሌላው የእሱን ሸክም በመሸከሙ የመጡ ናቸው። ስለዚህ «ፍሬኑ ደከመ» ከማለት በፊት የትኛው ነው የደከመው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን ሆትሾት (በፒካፕና በተሳቢ ጭነት የማመላለስ ሥራ) ስንጀምር መንጃ ፈቃድ ላለመቀየር ብለን የፒካፑና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ሲደመር ከ26,000 ፓውንድ እንዳያልፍ እናደርጋለን። ሕጉ ይፈቅዳል። ግን ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያወጣ ሰው ስለ ቁልቁለት አንብቦ፣ ተፈትኖ ነው የሚያልፈው። እኛ ያንን ትምህርት ዘለልነው፤ ቁልቁለቱ ግን አልዘለለንም።

«ስረግጠው ተሳቢው ከኋላ ይገፋኛል»

ከሁሉም የሚበዛው ምልክት ይህ ነው። ፍሬን ስትይዙ ፒካፑ አፍንጫውን ይደፋል፣ ወገባችሁን አንድ ነገር ከኋላ የሚገፋችሁ ይመስላል፣ መቆሚያው ርቀትም ይረዝማል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጌይን ነው። መቆጣጠሪያው ላይ ከ0 እስከ 10 በግማሽ በግማሽ የሚጨምረው ቁጥር ማለት ነው። ለተሳቢው ፍሬን ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚላክ የሚወስነው እሱ ነው። ፒካፑን የሸጠላችሁ ሰው 3 ላይ ትቶት ከሆነና እናንተ 11,000 ፓውንድ ከጎተታችሁ፣ ተሳቢው ፍሬን አለው ለማለት ያስቸግራል።

ማስተካከያው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ደረቅና ሜዳ የሆነ ባዶ ቦታ ፈልጉ። ትልቅ የፓርኪንግ ሜዳ እሁድ ጠዋት ጥሩ ነው። ከ20 እስከ 25 ማይል በሰዓት እየነዳችሁ፣ እግራችሁን ከፍሬኑ አርቃችሁ፣ የመቆጣጠሪያውን የእጅ መጭመቂያ እስከ መጨረሻው ጭመቁት። እሱ የሚይዘው የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ነው። ተሳቢው ፒካፑን ወደ ኋላ ሲጎትተው በግልጽ ሊሰማችሁ ይገባል። ካልተሰማችሁ ግማሽ ጨምሩና ድገሙት። የተሳቢው ጎማ ተቆልፎ አስፋልቱ ላይ ሲንሸራተት ጮኸ? አለፋችሁት፣ ግማሽ ቀንሱ። ትክክለኛው ቦታ ከመቆለፉ ትንሽ ዝቅ ያለው ነው።

ይህ ቁጥር የዕድሜ ልክ አይደለም። ባዶ ስትሆኑና ስትጭኑ ይለያያል፣ ዝናብ ሲዘንብም ይለያያል። የእኔ ተሳቢ ባዶውን በ3 ይበቃዋል፣ ሲጫን 6.5 ይፈልጋል። ጋቢናው ውስጥ በፕላስተር ወረቀት ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

ጌይኑን 10 አድርሳችሁም የማይዝ ከሆነ ጥፋቱ ከጋቢናው ውጭ ነው። የተሳቢ ታምቡር ውስጥ ያሉ ሸራዎች በብዙዎቹ ላይ ራሳቸውን አያጠብቁም። አዲስ ከሆኑ ከመጀመሪያው 200 ማይል በኋላ፣ ከዚያም በየ3,000 ማይሉ በእጅ መጠበቅ አለባቸው። በክሪክ ጎማውን አንሡ፣ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብታችሁ ሸራውን የምታጠብቀውን ኮከብ ጎማው አልዞርም እስኪል አዙሩ፣ ከዚያ ሸራው ታምቡሩን ነካ ነካ እያደረገ በነፃነት እስኪዞር ፍቱት። አንዱ ጎማ ብቻ ሰነፍ ከሆነ ታምቡሩን አውልቁ። ኩሽኔታውን በግሪስ ፓምፕ ከመጠን በላይ የሞላ ሰው ማኅተሙን አፈንድቶ ሸራውን በግሪስ ይነክረዋል። ግሪስ የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፣ ይቀየር። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ፍሬኑን የሚያስይዘውን ማግኔትም እዩት፤ ፊቱ ተበልቶ የመዳቡ ሽቦ ከታየ ጊዜው አልፏል። ስትቀይሩ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ።

«መቆጣጠሪያው ተሳቢ አላየሁም ይላል»

ይህ ከኤሌክትሪክ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከሶኬቱ። ባለ ሰባት እግሩ ሶኬት ውስጥ ሁለት ሽቦ ነው የሚያስጨንቃችሁ፦ የፍሬኑ ሰማያዊና የማሳው (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) ነጭ። ተሳቢ ሠሪዎች አንዳንዴ ቀለም ስለሚቀያይሩ የተሳቢውን በኩል በመለኪያ አረጋግጡ። የሰማያዊው እግር ዝገት ከያዘ መብራቱ ሁሉ እየበራ፣ ፍሬቻው እያጣቀሰ፣ ፍሬኑ ብቻ የለም። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ መብራት በራ ማለት ፍሬን አለ ማለት አይደለም። ማሳው ሲላላ ደግሞ ነገሩ ይዘበራረቃል፤ ፍሬቻ ስታበሩ የኋላ መብራት ይደበዝዛል፣ ፍሬኑም አንዴ ይይዛል አንዴ ይለቃል።

እግሮቹን በኮንታክት ማጽጃና በትንሽ ብሩሽ እጠቡ፣ ሲደርቁ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን የሶኬት ግሪስ ቀቡ። ማሳው ተሳቢው ብረት ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፈትታችሁ ቀለሙንና ዝገቱን ፋቁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በመለኪያ ፈልጉ። አንድ ማግኔት እንደ መጠኑ በ12 ቮልት ከ3 እስከ 4 አምፔር ይወስዳል። አራት ፍሬን ያለው ተሳቢ በሙሉ ኃይል ሲጨመቅ 12 አምፔር እንኳ ካልሳበ የተበጠሰ ሽቦ ወይም የሞተ ማግኔት አለ።

«እግሬን ባነሳም ቁልቁለቱ ይዞኝ ይሄዳል»

ከኮሮላ ወደ ናፍጣ ፒካፕ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በዚህ ነው። የቤንዚን ሞተር እግር ሲነሣ የአየር መግቢያውን ይዘጋና ታፍኖ መኪናውን ይይዛል። ናፍጣ አየሩን እንደዚያ አይዘጋም። እግር ሲነሣ ነዳጁ ይቆማል እንጂ ሞተሩ ብዙም ሳይታገል ይዞራል። ስለዚህ መያዣው በሌላ በኩል መጣ። ኤግዞስት ብሬክ ሲበራ የቱርቦው ቅጠሎች ይጠቡና የሚወጣውን ጭስ ያፍኑታል፣ ፒስተኖቹ ያንን ግፊት ተሸክመው ሲታገሉ ጉልበቱ በካምቢዮ አልፎ የኋላ ጎማዎችን ይይዛል።

«በርቷል ግን አይሠራም» ከሚሉኝ አብዛኞቹ ዙሩን አሳንሰው ነው የሚነዱት። በደቂቃ በ1,500 ዙር ብዙ አፈና የለም። ጉልበቱ ያለው ከ2,000 በላይ ነው። ዙሩን ከፍ የሚያደርገው ደግሞ ታናሹ ማርሽ ነው። ስለዚህ ቶው/ሆል የሚለውን አዝራር አብራችሁ ተጫኑ። እሱ ካምቢዮውን «ሸክም አለ» ይለዋል፤ ዳገት ላይ ማርሽ መለዋወጥ ይቀንሳል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ነካ ስታደርጉ ራሱ ማርሽ ይቀንሳል። ካልበቃ በእጃችሁ ቀንሱ። ሞተሩ ሲያጓራ አትደንግጡ። ቀዩን መስመር እስካላለፈ ድረስ ጩኸቱ የሥራ ጩኸት ነው።

አገር ቤት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ የጭነት ሹፌር ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ማርሹን ይዞ ነው የሚገባው፣ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) የወረደውንም በስም ይጠራላችኋል። እዚህም ሕጉ ያው ነው። ማርሽና ፍጥነት የሚመረጠው አናቱ ላይ እንጂ መሐል ላይ አይደለም።

«ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» ካላችሁ ደግሞ ሌላ ከመፈተሻችሁ በፊት አዝራሮቹን እዩ። በአንዳንድ ፒካፖች ሞተር ስታጠፉ ቶው/ሆል አብሮ ይጠፋል። ነዳጅ ቀድቶ፣ ቡና ገዝቶ፣ አስነሥቶ የወጣ ሰው ሳያውቀው ያለ እሱ ይወርዳል። ሙሉና አውቶ የሚል ሁለት ዓይነት ምርጫ ያለው ከሆነም ልዩነቱን እወቁ፤ ሙሉው እግር በተነሣ ቁጥር ይይዛል፣ አውቶው ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱን ለመጠበቅ ይሞክራል። እኔ ሜዳ ላይ አውቶ፣ ተራራ ላይ ሙሉ ነኝ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የእግር ፍሬን ማስፈለጉ አይቀርም። እግራችሁን ግን ጭናችሁበት አትውረዱ፤ የአክስቴን ልጅ ሸራ ያቃጠለው አንዱ ይህ ነው። 40 ማይል ከመረጣችሁ፣ 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ 35 አውርዱና ልቀቁ። ይተንፍስ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በረዶ ላይ ኤግዞስት ብሬክን አጥፉ። የሚይዘው የፒካፑን የኋላ ጎማ ብቻ ስለሆነ፣ እነሱ ከተንሸራተቱ ተሳቢው ገፍቶ እንደ ሰንጢ ያጥፋችኋል።

«ትንሽ ስነካው ተሳቢው ይነክሳል»

ጌይኑ በዝቷል፤ ጭነት አራግፋችሁ ቁጥሩን ረስታችኋል። ጌይኑ ትክክል ሆኖ ከነከሰ ወይም ዘግይቶ ከያዘ ቅንብሩ ውስጥ የተሳቢውን ዓይነት እዩ። አንዳንድ ፒካፖች ቀላል ወይም ከባድ ኤሌክትሪክ፣ ቀላል ወይም ከባድ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ሃይድሮሊክ ብለው ይጠይቃሉ። የተሳሳተው ከተመረጠ ምንም ያህል ጌይን ብትነካኩ አይስተካከልም።

«ተሳቢው አልንቀሳቀስ አለ»

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማደያ ውስጥ ጠባብ መታጠፊያ ስዞር ፒካፑ ተገትሮ ቀረ። ነዳጅ ስሰጠው ያጉረመርማል እንጂ አይሄድም። ካምቢዮው አለቀለት ብዬ፣ ሒሳቡን በልቤ እያሰላሁ ወረድኩ። ተሳቢው አፍንጫ ላይ ያለችው የድንገተኛ ፍሬን ፒን ተመዝዛ ተንጠልጥላለች። ገመዷን አሳጥሬ አስሬያት ኖሯል፣ ስታጠፍ ተወጠረችና ወጣች፤ የተሳቢው ባትሪም ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ያዘ። ተሳቢ ከፒካፕ ቢላቀቅ እንዲያቆመው የተሠራ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ቢያንስ 15 ደቂቃ እንዲይዝ ያስገድዳል።

ገመዱ ለመታጠፊያ የሚበቃ ርዝመት ይኑረው፣ ግን ተሳቢውን ከፒካፑ ጋር ከሚያስሩት ሰንሰለቶች ይጠር። ፒኗን መልሳችሁም ካለቀቀ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ያኔ ከለቀቀ ውኃ የገባበት ሶኬት ነው። ያኔም ካለቀቀ ሸራውን አለመጠን ያጠበቀ ሰው አለ። ፒኗን አውጥቶ መሞከር ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ሶኬቱን ቀድማችሁ ንቀሉ፤ አለበለዚያ የፒካፑን መቆጣጠሪያ ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።

«ተሳቢው ይወዛወዛል»

ጭነቱ ወደ ኋላ በዝቷል። በኳስ በሚታሰር ተሳቢ ላይ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ኳሱ ላይ ማረፍ አለበት። መኪና የጫናችሁ ከሆነ ወደፊት አስጠጉት። መንገድ ላይ ከጀመረ ግን የእግር ፍሬን አትርገጡ፣ መሪም አታወዛውዙ። እግራችሁን ቀስ ብላችሁ ከነዳጁ አንሡና የእጅ መጭመቂያውን ጭመቁ፤ ተሳቢው ከኋላ ሲጎተት ይቀናል።

ወደ ሲልቨርቶርን ልመለስ። ጌይኑ 5 ላይ ነበር፣ ስለዚህ ሶኬቱን ነቀልነው። የሰማያዊው ሽቦ እግር አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። «ማስጠንቀቂያ አላየህም?» አልኩት። አይቷል፤ ተሳቢ የለም የሚለውን ጽሑፍ የኋላ ካሜራው መስሎት በአዝራር አጥፍቶታል። በካቻቪቴ ጫፍ ፋቅነው፣ የፒካፑ ፍሬን እስኪበርድ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን፣ ማቆሚያ ሜዳው ላይ ጌይኑን 6 አደረግነው። ቤት ስንመለስ የተቃጠለውን የፊት ሸራ ቀየረ። በሚቀጥለው ጉዞ ያንኑ ቁልቁለት ወርዶ ከማደያው ደወለልኝ። መዳፉን አስጠግቶ አራቱንም ቸርኬ አይቷል፤ ሞቅ ብለዋል፣ አራቱም እኩል።