ሱዶኩ በራሳችሁ ህግ ለመስራትና ለመፍታት

ተራው ሱዶኩ የሰለቻችሁ ካላችሁ ቫሪያንት ሞክሩ። ሰንጠረዡ ያው ነው፣ ከ1 እስከ 9 ወደ ጎንም ወደ ታችም ሳጥን ውስጥም ሳይደገም ይገባል፣ ግን ላዩ ላይ ሌላ ህግ ይጨመርበታል፣ መስመር ይሰመራል ወይ ድምር ይፃፋል፣ ከዛ የሚሰጠው ቁጥር በጣም ያንሳል። ተራው አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ቢያንስ 17 ቁጥር ያስፈልገዋል፣ ይሄ እ.ኤ.አ. በ2012 በኮምፒውተር ተረጋግጧል። በ2020 ሚቸል ሊ የሰራው ሚራክል ሱዶኩ ላይ ግን የተሰጡት 2 ቁጥሮች ብቻ ናቸው፣ ሌላውን ህጉ ራሱ ይጨርሰዋል።

መስራት ስትጀምሩ አምስት ህግ አትከምሩ፣ አንዱን ያዙና የት ጋ እንደሚያጠብቅ ፈልጉ።

እኔ የምወደው የጀርመን ዊስፐር የሚባለውን ነው። መስመር ላይ ጎን ለጎን ያሉ ቁጥሮች ልዩነታቸው 5 ወይ ከዛ በላይ መሆን አለበት፣ በቃ ህጉ ይሄ ነው። ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ባለካሬ ደብተር ላይ ስሞክረው ነው በደንብ የገባኝ። 5 መስመሩ ላይ ጭራሽ አይገባም፣ ትንሹና ትልቁ እየተፈራረቀ ይሄዳል፣ ከ4 ጎን መቆም የሚችለው 9 ብቻ ነው፣ ከ6 ጎን ደሞ 1 ብቻ። አሁን አንድ ሳጥን ውሰዱና የመሃሉን ቤት ትታችሁ ዙሪያውን 8ቱን ቤት አስምሩ፣ ጫፍና ጫፉ ግን አይገናኝ። 4 መስመሩ መሃል ቢገባ በሁለቱም ጎኑ 9 ይፈልጋል፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት 9 የለም፣ ስለዚ 4 ጫፍ ላይ ነው፣ 6ም እንደዛው ሌላኛው ጫፍ ላይ። የ3 ጎረቤቶች 8 እና 9 ናቸው፣ የ7 ደሞ 1 እና 2። ስትቀጥሉት 4 9 3 8 2 7 1 6 ይመጣል፣ ወይ ይሄው ተገልብጦ፣ ሌላ የለም! መሃል 5 ነው። ከ8ቱ አንዷን ቤት ብቻ ስጡ፣ ሳጥኑ ሙሉ አለቀ። ጫፎቹን ካገናኛችኋቸው ግን መልስ የለውም።

መነሻችሁን እንደዚ አይነት ቦታ ላይ አድርጉት። ከዛ መልሱን ቀድማችሁ ሞልታችሁ እያጠፋችሁ አትሂዱ፣ ባዶውን በእርሳስ ፍቱት፣ ስትቆሙ እዛው ምን ቢጨመር እንደሚፈታ አስቡ። አጭር መስመር ሊሆን ይችላል፣ ወይ የኪለር ድምር፣ ማለት የተወሰኑ ቤቶች ይታጠሩና ድምራቸው ይፃፋል፣ አጥሩ ውስጥ ቁጥር አይደገምም። ሁለት ቤት 17 ከሆነ 8 እና 9 ነው፣ ሶስት ቤት 24 ከሆነ 7፣ 8፣ 9 ነው።

በጣም የምትጠነቀቁት ሁለት መልስ እንዳይኖረው ነው። መጨረሻ ላይ 2 ረድፍ፣ 2 አምድና 2 ሳጥን የሚጋሩ 4 ቤቶች ላይ ለምሳሌ 3 እና 7 ቦታ መቀያየር ከቻሉ፣ መስመርም ድምርም ካልነካቸው፣ ጨዋታው ተበላሽቷል። አንዴ ለጓደኛዬ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጥቼው ሁለት ቀን ለፍቶበት ያመጣው መልስ ከኔ ተለየ፣ የሱም ልክ ነበር፣ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ያን ያህል አስቦ መጨረሻው ግምት ሆነበት። ከዛ ወዲህ ኤፍ ፐዝልስ የሚባል የሱዶኩ መስሪያ ድረ ገፅ ላይ ሳላስቆጥር ለማንም አልሰጥም፣ ስንት መልስ እንዳለው ያሳያችኋል።

ስትፈቱ ደሞ የተሰጡት ቁጥሮች ላይ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ህጉ ያስጨነቀውን ቁጥር ፈልጉ። ዊስፐር ላይ 4፣ 5 እና 6 ናቸው። ቴርሞሜትር የሚባለው መስመር ላይ ቁጥሩ ከአምፖሉ፣ ማለት መነሻው ላይ ካለው ክብ፣ ጀምሮ እየጨመረ ስለሚሄድ 5 ቤት ያለው ከሆነ አምፖሉ ከ5 አይበልጥም፣ ጫፉም ከ5 አያንስም። ኪለር ላይ አንድ ረድፍ ሙሉ 45 ነው፣ የታጠሩት ቤቶች ረድፉን ሞልተው አንድ ቤት ከረድፉ ውጪ ከወጣ፣ ድምሮቹን ደምራችሁ 45 ስትቀንሱ የዛች ቤት ቁጥር ትወጣለች።

ለልምምድ ቅድም ያሰመራችሁትን ሳጥን ልዩነቱን ከ5 ወደ 4 አውርዱና እንደገና ሞክሩት። አሁን 5 መስመሩ ላይ መግባት ይችላል፣ ጎኑ መቆም የሚችሉት ግን 1 እና 9 ብቻ ናቸው።