ድጥ ላይ ስንራመድ ስለ ክብደትና ስለ ዕድሜ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሜዳ መንገዷ ጥቂት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ቁልቁለቱ ሁሉ ድጥ ይሆናል። ያኔ ከሰው አፍ የማይጠፉ፣ ግን ሰው የሚያስጎዱ አባባሎች አሉ።

አንደኛው «ወፍራም ሰው መሬት ቆንጥጦ ይይዛል፣ የሚያዳልጠው ቀጭኑን ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ክብደት ሲጨምር በጫማና በመሬት መካከል ያለው ሰበቃ ይጨምራል። ነገር ግን ተረከዝ መሬት ሲነካ እግርን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይልም በዚያው ልክ ስለሚጨምር ሁለቱ ይጣፋሉ። ማዳለጥ አለማዳለጡን የሚወስኑት የጫማው ሶል፣ የመሬቱ እርጥበትና የቁልቁለቱ ማዘንበል ናቸው። ክብደት የሚያስቸግረው ካዳለጠ በኋላ ነው፤ ከባድ ሰውነት አንዴ ካዘነበለ ለመመለስ ብርቱ ጡንቻ ይፈልጋል፣ ሲወድቅም በኃይል ይወድቃል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን «እማማ ቀጭን ናቸው፣ ቢወድቁም አይጎዱም» የሚለው ነው። በእርጅና መክሳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጡንቻና አጥንት ሲሳሳ ነው። ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አጥንታቸው ቶሎ ይሳሳል። ዳሌ ላይ ምቱን የሚያበርድ ሥጋ ከሌለ፣ ከቁመት ልክ መውደቅ ብቻውን የጭን አጥንትን አንገት፣ ማለትም ከዳሌ ጋር የሚያያዝበትን ቀጭን ክፍል፣ ሊሰብር ይችላል። አንድ አዛውንት ያለ ምክንያት ሲከሱ «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሐኪም ይያቸው።

«አረጋዊ የሚወድቀው ስለማይጠነቀቅ ነው» ማለትም ስህተት ነው። እንዲያውም አብዛኞቹ ረጋ ብለው፣ አጠር አጠር አድርገው ይራመዳሉ። ልዩነቱ ከማዳለጡ ቀጥሎ ባለው ቅጽበት ነው። ወጣቱ ሌላኛውን እግሩን ወዲያው ወርውሮ ያርፍበታል፣ ክንዱንም ዘርግቶ ሚዛኑን ይመልሳል። በእርጅና ዓይኑም እግሩም ይዘገያል። ለዚህ ነው ሁለቱንም እጅ ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ ቁልቁለት መውረድ አደገኛ የሚሆነው፤ ሰውነትን የሚያድነው ክንድ ታስሯል ማለት ነው። ጋቢው ከክንድ በላይ ይጣፋ፣ አንዱ እጅ ከዘራ ይያዝ።

የአዛውንቱን ክንድ ይዞ ወደ ታች መጎተትም ሚዛን ያስታል። እሳቸው የእርስዎን ክንድ ይያዙ፣ እርምጃውንም እሳቸው ይወስኑ።

ጥሩውን ጫማ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ አስቀምጦ ሶሉ የለሰለሰውን ለዝናብ ማድረግ ደግሞ መገልበጥ ያለበት ልማድ ነው።

አንድ ጊዜ የወደቁትን «ከእንግዲህ ከቤት አይውጡ» ማለት ጡንቻቸውን ይጨርሰዋል። የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ መድኃኒቱን ላዘዘው ሐኪም ይነገር። ቤት ውስጥም ከጠንካራ ወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ ቀስ ብለው መነሳትና መቀመጥን በየቀኑ ይለማመዱ፤ ሲጀምሩ ሰው አጠገባቸው ይቁም።