የቤዝቦል ዝነኞችን የቆዩ ካርዶች መሰብሰብ እንዴት እንደሚጀመር

በኒውዮርክ ግዛት፣ በኩፐርስታውን ከተማ የሚገኘውና የስፖርቱ ታላላቆች የሚከበሩበት የቤዝቦል የዝና አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1936 የመጀመሪያዎቹን አምስት ተጫዋቾች፣ ማለትም ታይ ኮብን፣ ቤብ ሩትን፣ ሆነስ ዋግነርን፣ ክሪስቲ ማቲውሰንን እና ዋልተር ጆንሰንን መረጠ። ከዚያ ወዲህ ግን ተጫዋቾች ብቻ ሳይሆኑ አሰልጣኞችና ዳኞችም ወደ አዳራሹ ገብተዋል፤ የዳኞቹ ካርድ ብዙ ፈላጊ ስለሌለው፣ የእነዚህን ዝነኞች ምስል የያዙ የቆዩ ካርዶችን በአነስተኛ ገንዘብ መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

አስቀድሞ የሚሰበስቡትን ዘመን መወሰን ያስፈልጋል። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ይወጡ የነበሩት ትናንሽ ካርዶችም ሆኑ በ1933 ከማስቲካ ጋር የተሸጡት የጋውዲ ካርዶች እጅግ ተፈላጊ ስለሆኑ፣ ለጀማሪ ቶፕስና ቦውማን የተባሉ አሳታሚዎች በ1950ዎቹ ያወጧቸው ካርዶች ይሻላሉ። በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠውን የዝነኛውን ተጫዋች የሚኪ ማንትልን የ1952 የቶፕስ ካርድ ለባለጸጎች እንተውላቸው። የ1955 የቦውማን ካርዶች ፎቶውን በእንጨት ቴሌቪዥን መስኮት ውስጥ ያለ አስመስለው የታተሙ ሲሆን፣ ከመካከላቸው ኋላ የዝና አዳራሽ የገቡት ዳኞች አል ባርሊክና ጆኮ ኮንላን ይገኛሉ። ዳኛን የሚፈልግ ሰው ጥቂት በመሆኑ ዋጋቸው በዚያው ዓመት ከታተሙት ከታዋቂዎቹ ተጫዋቾች ከማንትልና ከዊሊ ሜይስ ካርዶች በእጅጉ ያነሰ ነው።

ቀጥሎ የካርዱን ይዞታ ይመልከቱ። ፒኤስኤ እና ኤስጂሲን የመሳሰሉ መርማሪ ድርጅቶች ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጣሉ፤ ዋጋውም ከደረጃው ጋር በፍጥነት ይወጣል። በእኔ አስተያየት፣ ጀርባው ላይ የእርሳስ ጭረት ወይም ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ብቻ የሚታይ እጥፋት ኖሮበት ዝቅተኛ ደረጃ የተሰጠው፣ ፊቱ ግን የጠራ ካርድ ከሁሉ የተሻለ ግዢ ነው።

ዋናው ሥራ ምርመራ ነው። ያረጀ ጠርዝ ሲቆረጥ ማዕዘኑ አዲስ ስለሚመስል፣ ካርዱን በማስመሪያ ይለኩና ከዚያው ዓመት ርካሽ ካርድ ጋር ያነጻጽሩ፤ የ1955 ቦውማን 6.4 በ9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ማታለሉ ትልልቆቹንም አልማረም፤ በዓለም የታወቀው የዋግነር ካርድ ከፍተኛ ደረጃ ከተሰጠው ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ባለቤቱ የነበረ የጨረታ ነጋዴ ጠርዙን መቁረጡን አምኗል። የቦውማኑ ቡናማ ዳርቻ ሲላጥ ነጭ ስለሚወጣ በቀለም የሚሸፍኑትም አሉ፤ ካርዱን በጎኑ አቁመው ወረቀቱ ቀለም መጠጣቱን ይመርምሩ። ከዚያም ፊደላቱን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። በዋናው ካርድ ጥቁር ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ሆኖ ሲታይ፣ ከፎቶ የተባዛው ግን በነጥብ የተሞላ ይሆናል።

ሲገዙ የሁለቱንም ገጽ ጥርት ያለ ፎቶ ይጠይቁ፤ በፕላስቲክ የታሸገ ከሆነ የመለያ ቁጥሩን በመርማሪው ድርጅት ድረ ገጽ ያረጋግጡ። ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሳይሆን ተመሳሳይ ካርድ በቅርቡ በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ መነሻ ያድርጉ።

ካርዱ እጅዎ ከገባ በኋላ በስስ ላስቲክ ከረጢት፣ ከዚያም በጠንካራ ፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ያኑሩት። ፀሐይና እርጥበት አያግኘው፤ በላስቲክ ማሰሪያም አይጠፍሩት፣ ማሰሪያው የጎን ጠርዙን ይሰረጉዳልና።