አዲስ አርቪ ወይስ ያገለገለ? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

«አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?» ስለ አርቪ፣ ማለትም በጎማ ስለሚሄደው ቤት፣ ይህን ጥያቄ በስልክ ስመልስ ከርሜያለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ወንድማችን ማንንም ሳይጠይቅ ገዝቶ መጣ። እዚህ አሜሪካ ከገባ ሁለት ዓመት አልሞላውም። አዲስ አርቪ፣ በ15 ዓመት ብድር። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ወለዱን ስንደምረው ዝም አለ። ለምን ሳታነበው ፈረምክ ስለው «ረጅም ነው» አለኝ። ረጅም ከሆነ ወደ ቤት ይወሰዳል፣ ይነበባል። ዛሬ ካልፈረማችሁ ያመልጣችኋል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ያምልጣችሁ።

አርቪ ስል አልጋ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያለውን ማለቴ ነው። የራሱ ሞተር ያለው አለ፤ በሌላ መኪና የሚጎተት አለ። ለጀማሪ ተጎታቹ ይሻላል ባይ ነኝ። ሞተር ሲበላሽ ቤታችሁም አብሮ ጋራዥ አይገባም። ግን መኪናችሁ ስንት ኪሎ መጎተት እንደሚችል ከመመሪያ መጽሐፉ አንብቡ እንጂ ከሻጩ አትስሙ። የተጎታቹን ባዶ ክብደት ብቻም አትዩ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 150 ሊትር የሚይዝ ታንክ ሲሞላ 150 ኪሎ ጨመራችሁ ማለት ነው። ዕቃው ገና አልተቆጠረም።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ የእኔ መልስ ያገለገለ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የሆነውን ፈልጉ። የአዲስ አርቪ ዋጋ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ይወርዳል። ብድሩ ረጅም ከሆነ ደግሞ ዕዳው ከዕቃው ዋጋ በልጦ ለዓመታት ይቆያል። ያኔ ልሽጠው ብትሉ ከኪሳችሁ ጨምራችሁ ነው። «አዲስ ስለሆነ አይበላሽም» የሚሉ አሉ። ይህ እኮ መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ ቤት ነው። ብሎን ይላላል፣ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ መሳቢያ ይወልቃል። ጥሩ የመጀመሪያ ባለቤት ይህን ሁሉ አስተካክሎ ነው የሚሸጥላችሁ። አዲሱ ዋስትና አለው፣ እውነት ነው። ግን ለጥገና ዲለሩ (የሸጠላችሁ ድርጅት) ጋ ወረፋ ስትጠብቁ በጋው ሊያልቅ ይችላል። አዲስ የምመክረው ያለ ብድር ለሚገዛና ለብዙ ዓመት ለሚይዘው ሰው ብቻ ነው።

አሁን እኔ ራሴ የተበላሁበትን ልንገራችሁ። ውኃ ነው።

የመጀመሪያዬን ከግለሰብ ገዛሁ። ፀሐይ የጠነከረበት ቀን ነበር። ውስጡ የሎሚ ሽቶ ይሸታል፣ ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ፣ ምድጃውን ለኮስኩ፣ መብራቱን አበራሁ። ባለቤቴ አልጋው ጥግ ላይ ቀለሙ አበጥ ያለ ቦታ አይታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ቀለም ነው» አልኳት። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ መጣ። ሌሊት ትራሱ ራሰ። ጠዋት ያንን ያበጠ ቦታ በአውራ ጣቴ ስጫነው ጣቴ ገባ። ከቀለሙ ጀርባ ያለው ኮምፔንሳቶ እንደ ረጠበ ካርቶን ሆኗል። ተሸካሚው እንጨት ጠቁሮ በእጅ ይፈረፈራል። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሳይ በአየር ማስወጫው ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከጥፍር አይበልጥም። ጥገናው ከገዛሁበት ዋጋ በለጠ። ሻጩ ጋ ስደውል ውሉን አስታወሰኝ። «ባለበት ሁኔታ» ይላል፣ ከነጉድለቱ ማለት ነው፤ ፈርሜያለሁ።

ስለዚህ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄዳችሁ እዩ። ሽቶ ከሸተታችሁ በርና መስኮቱን ዘግታችሁ ትንሽ ተቀመጡ፤ ሻጋታ ካለ ከሽቶው ሥር ይመጣል። በየጥጉ፣ በመስኮት ሥር፣ በጣሪያ ቀዳዳዎች ዙሪያ፣ በቁም ሳጥን ውስጥ በእጃችሁ ተጫኑ። ሻወሩና በሩ አጠገብ ወለሉን ረገጥ አድርጉ። ከሰመጠ ጥላችሁት ሂዱ፣ ዋጋ አትከራከሩ። ውጭውን ከጎን ሆናችሁ እዩት፤ የውጭ ሽፋኑ ፋይበር ግላስ እንደ ሞገድ ካበጠ ከጀርባው ተላቋል። አርቪ የሚመረምር ባለሙያ አለ፤ ቀጥሩት። ሻጩ ምርመራ አልፈቅድም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ጎማውን በጥርሱ አትመዝኑ። ጎኑ ላይ «ዲኦቲ» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ፈልጉ፤ በውስጥ በኩል ሊሆን ስለሚችል ጎንበስ ብላችሁ እዩ። 3219 ከሆነ በ2019 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቆሞ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል፣ በፍጥነት መንገድ ላይም ሊፈነዳ ይችላል።

ታይትል ማለት የእኛ ሊብሬ ነው። በሻጩ ስም ነው? 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የመለያ ቁጥር አርቪው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? የባንክ ዕዳ አለበት? «ታይትሉን በፖስታ እልክላችኋለሁ» ለሚል ሰው አምስት ሳንቲም አትስጡ። ከተቻለ ሻጩን ይዛችሁ ምዝገባ ቢሮ አብራችሁ ሂዱ። እኔ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንዴ ፊርማው የተሳሳተ መስመር ላይ ነው ተባልኩ፣ አንዴ አንድ ቅጽ ጎደለ። ቅጹን መጀመሪያ ቀን መንገር ለምን እንደሚከብዳቸው እስካሁን አልገባኝም።

የት እንደምታቆሙትም ከመግዛታችሁ በፊት ለአከራያችሁ ጽፋችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አንዳንድ የግል የአርቪ ማቆሚያዎች ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን አያስገቡም፤ በጣም ያረጀ የማልመክረው ለዚህም ጭምር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ለሁለት ሌሊት ተከራዩ። ልጆቹ የት እንደሚተኙ፣ ወደ ኋላ ማቆም የሚችለው ማን እንደሆነ፣ የሽንት ቤቱን ታንክ ማን እንደሚደፋ ያኔ ታውቃላችሁ።